እርጥበት ባለበት ቤት የመብራት ቦክስ ፕላስቲክ ይሁን ብረት? (ደሴና አካባቢዋ ቤት ለምትሰሩና ለምታሳድሱ)

ደሴ ላይ ቤት የሰራ ወይ ያሳደሰ ሰው ሁሉ መስመር የሚዘረጋለት ልጅ መጥቶ "የሶኬቱን ቦክስ ፕላስቲክ ላርገው ወይስ ብረት?" ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ "የቱ ይረክሳል?" ነው ወይ "ብረት ይሁን፣ ብረት ጠንካራ ነው" ነው። ባቲ ወይ ከሚሴ ደረቅ ቤት ውስጥ በዚ መልስ ብዙ ዓመት መኖር ይቻል ይሆናል። ደሴ፣ ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ፣ ወረኢሉ፣ ደላንታ ግን ሌላ ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጦሳ ስር የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ በዛ ላይ በልግም አለብን፣ ስለዚ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ እንደገና ይረጥባል። ቦክሱ፣ ማለትም ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦዎቹ የሚያያዙበት ሳጥን፣ ያለው ደግሞ እዛው ግድግዳ ውስጥ ነው።

እኔ የምለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ነገሩ የጥንካሬ ሳይሆን የግራውንድ ነው፣ ግራውንድ ማለት ያመለጠ ከረንትን ወደ መሬት የሚወስደው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። የተለካ፣ በትክክል የሚሰራ ግራውንድና አርሲዲ (ከረንት ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ) በሌለው እርጥብ ቤት ውስጥ ብረት ቦክስ አታስገቡ፣ ፕላስቲክ አርጉ። ግራውንዱ ከተረጋገጠ ግን ብረት የሚሻልባቸው ቦታዎች አሉ፣ ወደታች እናያቸዋለን። ዝገቱን ብቻ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ራሱ ከግራውንዱ ጋር ነው የሚያያዘው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ

ደሴ ላይ ብዙ ቤት ተዳፋት ተቆርጦ ነው የሚሰራው፣ ስለዚ የኋላው ግድግዳ አፈር ተደግፎ ይቆማል፣ ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ውሃ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ በድንጋዩና በብሎኬቱ በኩል ወደ ቤት ይመጣል። ይሄን ግድግዳ መለየት ቀላል ነው፣ ቀለሙ ይላላጣል፣ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይወጣበታል፣ መዳፋችሁን ስታስደግፉበት ከሌላው ግድግዳ ይቀዘቅዛል። እዚ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክም ሆነ ብረት ቀብሮ ማስገባት ጥሩ አይደለም፣ መስመሩን ወደ ጎን ወይ ወደ ውስጥ ግድግዳ አዙሩት፣ ግድ ከሆነ ላዩ ላይ የሚታሰር ዝግ ቦክስ አርጉ እንጂ አትቅበሩት።

ከመሰረት ወደላይ የሚሳብ እርጥበት ደግሞ አለ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 1 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ሶኬቱን እንደ ዘመኑ ፋሽን ከወለል 30 ሳንቲሜትር ላይ ከማረግ 1 ሜትር ከ20 ወይ 1 ሜትር ተኩል ላይ ማውጣት ነው የሚሻለው፣ አያምርም የሚል ይኖራል፣ ይበል።

ሶስተኛው ማድ ቤት ነው። እንጀራ ሲጋገር ያለውን እንፋሎት ታውቁታላችሁ፣ ማታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ጠብታ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ከላይ ወደታች ወደ ቦክሱ ከገባ ደግሞ ውሃው ቱቦውን ተከትሎ ቦክሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዝናብ ሳይነካው ውሃ ያለበት ቦክስ ያያችሁ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ብረት ቦክስ እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሆናል

ሱቅ ያለው ብረት ቦክስ ቀጭን ላሜራ ሆኖ ላዩ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ከዝገት የሚያድነውም ዚንኩ ነው። ቱቦ ለማስገባት ቀዳዳው ሲመታና ሲቆረጥ ግን ጠርዙ ላይ ዚንክ የለም፣ ዝገቱ ከዛ ይጀምራል። ያልደረቀ ሲሚንቶ ዚንኩን ይበላዋል። ጀሶ ደግሞ ቶሎ ስለሚይዝ ቦክስ ለማጣበቅ ሁሉም ይወደዋል፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ምንም አይልም፣ እርጥበቱ ካልለቀቀው ግን ብረት ያዝጋል። የጭቃ ግድግዳም ጭዱና እበቱ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ከብት የሚያድርበት በረት አጠገብ ከሆነ ሽንቱ ነገሩን ያፋጥነዋል።

ክረምት የመታው ብረት ቦክስ ከግድግዳ ሲወጣ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሶኬቱ ስር ቀለሙ ላይ ቡናማ መስመር ወደታች ወርዶ ታያላችሁ። ቪቴውን በካቻቢቴ ስትፈቱ አይዞርም፣ ታግሎ ሲዞር ቪቴው የገባበት ጆሮ አብሮ ይነቀላል። ውስጡን በባትሪ ስታዩት የላይኛው ግማሽ ገና ያብለጨልጫል፣ የታችኛው ጥግ ግን ቡናማ ቅርፊት ነው፣ በጣት ስትነኩት ይረግፋል፣ ከጀርባው ጭቃው ይታያል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የታሰረበት ቪቴ ዙሪያ ዝገት ሞልቶበታል፣ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ፣ ሽቦውን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እጃችሁ ላይ ይቀራል።

የመጨረሻዋ ነገር ነች የምታስፈራኝ። መብራቱ ይበራል፣ ሶኬቱ ይሰራል፣ ቴሌቪዥኑ ይታያል፣ ግራውንዱ ግን የለም፣ መጥፋቱን የሚናገር ምንም ነገር ደግሞ የለም። ያን ቀን ፌዙ፣ መብራቱን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ልባሱ ተልጦ ቦክሱን ከነካ ቦክሱ፣ ቪቴው፣ የብረት ክዳን ካለውም ክዳኑ 220 ቮልት ይሆናል። ግድግዳው ራሱ እርጥብ ከሆነ እጅ ሲያስደግፉበት ይነዝራል፣ "ግድግዳው ይነዝረናል" የሚሉ ሰዎች ሲነግሯችሁ እንደ ቀልድ አትውሰዱት። እርጥብ ሰውነት የሚኖረው ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) 1000 ኦም ገደማ ቢሆን 220 ቮልት በሱ ውስጥ 220 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል፣ ልብ የሚያቆመው ደግሞ ከ30 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው። ባዶ እግሯን ማድ ቤት የቆመች እናት ወይ እህት ናት የመጀመሪያዋ ተጎጂ።

ፕላስቲክ ቦክስ ውስጥ ያው ፌዝ ቢላጥ ፕላስቲኩን ነው የሚነካው፣ ፕላስቲክ አያስተላልፍም። አይዝግምም። ለእርጥብ ቤት መጀመሪያ ፕላስቲክ የምለው ለዚ ነው።

"እኛ ግራውንድ አለን" ለምትሉ

አለን የሚለው ሁሉ የለውም። ሶኬቱ ባለ ሶስት ቀዳዳ ስለሆነ ግራውንድ አለ ማለት አይደለም፣ ከጀርባው ሽቦው ጭራሽ ሳይታሰር የቀረ ሶኬት ብዙ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኒውትራሉን (ከረንቱን የሚመልሰውን ሽቦ) ከሶኬቱ ግራውንድ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ቴስተር ስታደርጉበት ግራውንድ ያለ ይመስላል፣ መልቲሜትሩም 220 ያነባል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ግን ክረምት ላይ ነፋስ ከፖል ወደ ቤት የሚመጣውን ኒውትራል ቢበጥሰው ወይ ቆጣሪው ጋ ቢላላ፣ አንድ አምፖል የበራ እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ፣ ቦክሱም የፍሪጁ አካልም የምጣዱም ጎን፣ በኒውትራሉ በኩል 220 ቮልት ይሆናል። ይሄን ያረገ ሰው ካለ ዛሬውኑ አስፈቱት።

ሁለተኛው ዓይነት ግራውንዱ በጓሮ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር የሚታሰርበት ነው፣ ይሄ ትክክለኛው መንገድ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ሂሳቡን እዩት። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ ለድንጋያማ መሬት 20 ኦም ራሱ ጥሩ ነው፣ ፌዙ ቦክሱን ሲነካ የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ20፣ 11 አምፔር ነው። የሶኬቱ ብሬከር 16 አምፔር ከሆነ 11 አምፔር ለሱ ተራ ጭነት ነው፣ አይቆርጥም። በቅጽበት እንዲቆርጥ ብሬከሩ ቢ ታይፕ (ባነሰ ከረንት የሚቆርጠው ዓይነት) ከሆነ እስከ 80 አምፔር፣ ሲ ታይፕ (ከፍ ያለ ከረንት የሚጠብቀው) ከሆነ እስከ 160 አምፔር ሊፈልግ ይችላል። ስለዚ ግራውንድ ያለው ብረት ቦክስ ብሬከሩ ሳይዘል (ሳይቆርጥ) ከረንት እንደያዘ ይውላል ያድራል።

ይሄን የሚፈታው 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ነው። አርሲዲ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ነው የሚያየው፣ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ በሰከንድ ክፋይ ይቆርጣል፣ ለሱ 11 አምፔር በጣም ብዙ ነው። ግራውንድ በሌለበት ቤት እንኳ ይሰራል፣ ግን ያኔ የሚቆርጠው ከረንቱ በሰው በኩል ማለፍ ሲጀምር ነው፣ ሰውየው ነዝሮት ነው የሚያውቀው። ግራውንዱም አርሲዲውም ሲኖሩ ግን ሰው ሳይነካው በፊት ይቆርጣል። ላዩ ላይ ያለችውን "ቴስት" የምትል ቁልፍ በየጊዜው ተጫኗት፣ ካልዘለለ ይቀየር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክረምት ላይ አርሲዲ "ዝም ብሎ ይዘላል" ብለው የሚያስወጡት አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይዘልም። የሆነ ቦክስ ወይ የተሰካ ዕቃ እያሳለፈ ነው፣ እሱን ነው የሚነግራችሁ። ሶኬት ላይ የተሰኩትን ሁሉ ንቀሉ፣ ብሬከሮቹን አጥፉና አንድ በአንድ አብሩ፣ የትኛው ሲበራ እንደሚዘል እዩ፣ ከዛ የዛን መስመር ቦክሶች ክፈቱ። ሁሉም ብሬከር ጠፍቶ እንኳ የሚዘል ከሆነ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ግራውንድ ነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ተራ ብሬከር ፌዙን ብቻ ስለሚቆርጥ፣ ያኔ ባለሙያ ጥሩ።

ዘንጉን ስታስለኩ ደግሞ በበጋ አስለኩ። ነሐሴ ላይ አፈሩ ስለረጠበ ቁጥሩ ያምራል፣ ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ የዛው ዘንግ ቁጥር በጣም ይጨምራል። ጨውና ከሰል አርጎ መቅበር የተለመደ ነው፣ ለጊዜው ያወርደዋል፣ ጨዉን ዝናቡ ያጥበዋል ዘንጉንም ይበላዋል። ከዛ ይልቅ ሁለተኛ ዘንግ ጨምሩ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት ይኑር። ልኬቱ የግራውንድ መለኪያ ባለው ሰው ይሁን፣ መልቲሜትር ይሄን አይነግራችሁም።

ፕላስቲክም ችግር አለበት

ፕላስቲክ አርጉ ስላልኩ ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን እንዳታነሱ። የፕላስቲክ ጠላቱ ሙቀትና ፀሐይ ነው። ለምሳሌ የመብራት ምጣድን እዩ፣ 3500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፣ ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ሶኬት ላይ ወይ ቦክስ ውስጥ ያለው ቪቴ ትንሽ ከላላ እዛች ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ እርጥበት መዳቡን ሲያዝገው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቦክሱ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ከዛ ይቀልጣል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከጀርባው ማገርና ጭድ ነው ያለው። ምጣድ የሚሰካበት ቦታ የዓሳ ሽታ የመሰለ ከሸተታችሁ ፕላስቲኩ እየጋለ ነው፣ ብሬከሩን አጥፉና ክፈቱት። እንዲያውም ምጣዱን ከሌላው መስመር ለይታችሁ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ከብሬከር በቀጥታ አምጡለት፣ ጋጋሪዋ አጠገብ የራሱ ማጥፊያ ይኑረው፣ ከላላ ሶኬት ይሄ በጣም ይሻላል።

ጥሩ ፕላስቲክ ቦክስ እሳት ሲነካው የማይቀጣጠል ወይ ራሱን የሚያጠፋ ነው። አንዳንዱ ላይ 650 ወይ 850 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል፣ በጋለ ሽቦ የተፈተነበት ሙቀት ነው፣ ለጭቃና ለእንጨት ግድግዳ 850 ያለውን ፈልጉ።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ከፍታችን ላይ ፀሐዩ ይበላል። ደጅ የሚቀመጥ ተራ ነጭ ፕላስቲክ ጥቂት በጋ ካየ ይገረጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ክረምቱ ይገባል። ደጅ ከሆነ ለውጭ የተሰራ፣ ዩቪ የሚችል መሆኑ የተጻፈበት ግዙ፣ ከተቻለ ደግሞ በጣሪያው ክፈፍ ስር ወይ ፀሐይ በማይመታው ጎን አርጉት።

ሌላው አይጥ ነው። እህል የሚቀመጥበት ቤት ወይ ጎተራ አጠገብ አይጥ ፕላስቲክ ትበላለች፣ ሽቦም ትበላለች፣ ባዶ የቀረ ቀዳዳ ካለ ገብታ ትወልዳለች።

ፕላስቲክ ላይ በጣም የሚረሳው ነገር ደግሞ የግራውንድ ሽቦው ነው። ብረት ቦክስና ብረት ቱቦ አንዱ ከሌላው ሲነካካ ግራውንዱ በብረቱ ያልፍ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ግን ምንም አያሳልፍም፣ ስለዚ እያንዳንዱ ቦክስ ውስጥ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ በተርሚናል መያያዝ አለበት። "ቦክሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ግራውንድ አያስፈልገውም" የሚል ሰው ከመጣ ፍሪጁና ምጣዱ ብረት መሆኑን አስታውሱት። ፕላስቲክ ቦክስ ላይ የብረት ክዳን ካረጋችሁም ክዳኑ ግራውንድ ይታሰርለት።

የት የቱን

ማድ ቤት፣ ሻወር ቤት፣ አፈር የተደገፈ ግድግዳ (ግድ ከሆነ፣ ላዩ ላይ)፣ የጭቃ ቤት፣ ሐይቅ ዳር ያለ ቤት፣ ከብት ቤት፦ ፕላስቲክ፣ ጎሚኒ (ውሃ የማያስገባ የጎማ ማሸጊያ) ያለው ዝግ ቦክስ። ሻወር ቤት ውስጥ ሻወሩ ባለበትና ከሱ ጎን ባለው 60 ሳንቲሜትር ውስጥ ሶኬት ጭራሽ አይቀመጥም፣ የፈለገው ዓይነት ቦክስ ቢሆን።

ብረት የሚሻለው ነገር የሚመታው ቦታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ያሉ ጋራዦችና የብረታ ብረት ስራ ቤቶች፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ዕቃ የሚጫንበትና የሚወርድበት መጋዘን፣ ፕላስቲኩ በአንድ ጆንያ ወይ በአንድ መዶሻ ይሰበራል። ወፍጮ ቤት 380 ቮልት ሶስት ፌዝ ነው፣ የዱቄት ብናኝ አለ፣ ስለዚ ብረት ቢሆንም ብናኝ የማያስገባ ጎሚኒ ያለው መሆን አለበት፣ ከረጠበም ቀለም የተጋገረበት እንጂ ተራ ዚንክ ላሜራ አይበቃም። እንዲህ ያለ ቦታ ግራውንድ መለካት ምርጫ አይደለም፣ ሰራተኛው ቀኑን ሙሉ ብረት ነው የሚነካው።

መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ደረቅ ክፍል ከሆነ ሳሎንም መኝታ ቤትም ሁለቱም ይሰራሉ፣ እዛ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

አገጣጠሙ

ብሬከሩን አጥፉ። መብራት ጠፍቷል ብላችሁ ደግሞ ብሬከሩን ሳታጠፉ እንዳትሰሩ፣ መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፣ እጃችሁ ቦክስ ውስጥ እያለ ይመጣል። ካጠፋችሁ በኋላም በቴስተር እዩት፣ ቴስተሩንም መጀመሪያ መብራት ባለበት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ የተበላሸ ቴስተር ሁሌም "የለም" ነው የሚለው። ቆጣሪውና ከሱ በፊት ያለው የመብራት ኃይል ነው፣ አይነካም።

ዋናው ሕግ፦ ሽቦና ቱቦ በቦክሱ ታች በኩል ይግባ። በላይ የገባ ቱቦ ውሃ ይዞ ይመጣል። ከላይ ብቻ መምጣት ካለበት ከቦክሱ ዝቅ አርጋችሁ አውርዱትና ዞሮ ከታች ይግባ፣ ውሃው መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦው ከደጅ ወይ ከጣሪያ ስር ወደ ሞቀ ክፍል የሚመጣ ከሆነ ቀዝቃዛ አየር እያመጣ ቦክሱ ውስጥ ጤዛ ያስቋጥራል፣ ሽቦው ካለፈ በኋላ የቱቦውን አፍ በሲሊኮን ዝጉት።

ሲሊኮን ካልን፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን አትጠቀሙ፣ እሱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብና ዚንክ ይበላል። የማይሸተውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ።

ቦክሱ ላይ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ግላንድ (ሽቦውን ዙሪያውን አጥብቆ የሚዘጋ ማሰሪያ) ይኑረው፣ ግላንዱ ደግሞ የሽቦውን ውፍረት የሚመጥን ይሁን፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በአንድ ግላንድ ካስገባችሁ በመሀላቸው ውሃ ይገባል። ያልተጠቀማችሁበትን ቀዳዳ ዝጉ። ብረት ቦክስ ከሆነ የላሜራው ጠርዝ ሽቦ ስለሚቆርጥ ጎሚኒ ሳታረጉ እንዳታሳልፉ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ዚንክ ስፕሬይ ወይ አንቲረስት ቀቡት፣ ግራውንዱ የሚታሰርበትን ቦታ ግን ቀለም አታልብሱት፣ ብረት ከብረት ይንካ፣ ከታሰረ በኋላ ላዩን መቀባት ይቻላል።

ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እርጥብ ቤት ውስጥ አይሆንም። ናስትሮው ማጣበቂያው ይለቃል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይሞቃል። ተርሚናል ተጠቀሙ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ስባችሁ ሞክሩት። ከፖል የሚመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር በቀጥታ መጠምዘዝ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ለሁለቱ የተሰራ ማገናኛ አለ፣ እሱን አስደርጉ።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ቦክስ ጭቃው ላይ በቪቴ አይያዝም፣ ዛሬ የያዘ ይመስላል ጭቃው ሲደርቅ ይላላል። ምሰሶውን ወይ ማገሩን ፈልጋችሁ ጠፍጣፋ እንጨት ምቱበትና ቦክሱን እንጨቱ ላይ እሰሩ፣ ላዩ ላይ የሚሆነውን ዓይነት። ፕላስቲኩን ስታጠብቁ በድሪል አትጨርሱት፣ በእጅ ጨርሱት፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥጉ ይሰነጠቃል፣ ክዳኑም ከተጣመመ ጎሚኒው በአንድ ጎን አይነካም። አራቱን ቪቴ እንደ መኪና ጎማ አቋርጣችሁ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ።

ደጅ ያለ ቦክስ ግድግዳው ላይ ሲቀመጥ ከላይና ከሁለቱ ጎን ሲሊኮን ይቀባ፣ ከታች ይተው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቦክስ እንኳ ቀን ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፣ መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ቦክሶች ታች በኩል ሊበሳ የሚችል ምልክት አላቸው፣ ለዛ የተሰራ ማንጠባጠቢያ ቡሽም አለ። ምልክት የሌለውን በገዛ እጃችሁ ብትበሱት የተጻፈበት የውሃ መከላከያ ደረጃ አይሰራም ማለት ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ "ውሃ የማያስገባ ቦክስ" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ሁሉም ውሃ አያስገባም ይባላል። አይፒ የሚል ቁጥር ላዩ ላይ ወይ ካርቶኑ ላይ ይፈለግ። የመጀመሪያው አሃዝ የአቧራ፣ ሁለተኛው የውሃ ነው። አይፒ 20 ለውሃ ምንም አይልም፣ ለደረቅ ክፍል ነው። አይፒ 44 የሚረጭ ውሃ ይችላል፣ ማድ ቤት ይበቃዋል። ደጅ ዝናብና ነፋስ ለሚመታው አይፒ 55 ወይ 65 ውሰዱ፣ 65 አቧራ ጭራሽ አያስገባም፣ ከየአቅጣጫው በቱቦ የሚመጣ ውሃም ይችላል። ይሄ ቁጥር የሚሰራው ግን ክዳኑ በትክክል ተዘግቶ፣ ግላንዱም ገብቶ ነው፣ 65 የተጻፈበትን ገዝቶ ትልቅ ቀዳዳ በስቶ ሽቦ ማሳለፍ ብር መጣል ነው።

ፕላስቲኩን በእጃችሁ ጎኑን ጫን አርጉት፣ ጥሩው ይታጠፍና ይመለሳል፣ መጥፎው ያቺ የታጠፈች ቦታ ነጭ ትሆናለች ወይ ቀጭ ይላል። የክዳኑ ጎሚኒ ዙሪያውን ያልተቆረጠ አንድ ወጥ ይሁን። የክዳኑን ቪቴም እዩ፣ ማግኔት የማይስበው ናስ ወይ ስቴንለስ ከሆነ እሰየው፣ ተራ ብረት ከሆነ ቦክሱ ሳይዝግ ቪቴው ዝጎ አልከፍት ይላችኋል።

ያረጀ ብረት ቦክስ ላለው ቤት

ቤቱን ሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም፣ አብሽሩ። ከሁሉ በፊት ዋናው ብሬከር ጋ አርሲዲ አስገቡ፣ ከወጪው አንጻር ብዙ የሚያድነው እሱ ነው። ከዛ ግራውንዱ ይለካ። ከዛ ቡናማ መስመር የወረደበት፣ ክዳኑ የሚሞቅ ወይ የሚነዝር ቦክስ ይቀየር፣ ቅድሚያ ማድ ቤትና ሻወር ቤት፣ ቀጥሎ ደጅ፣ ቀጥሎ የኋላው ግድግዳ። የሚነዝረውን ግን ተራ አታስጠብቁት፣ የዛን መስመር ብሬከር አጥፍታችሁ እስኪሰራ እንደጠፋ ይቆይ፣ ልጆችም ሌላው ቤተሰብም እንዳያበራው ብሬከሩ ላይ ናስትሮ ለጥፉበት።

ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ሆኖ ላሜራው ካልሳሳ፣ ብሬከሩ ጠፍቶ በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፣ የግራውንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ አዲስ መዳብ አውጡና እንደገና እሰሩ፣ ቪቴውን ቀይሩ፣ ቀሪውን አንቲረስት ቀቡ። ካቻቢቴ ስትጫኑት የሚበሳ ከሆነ ግን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ቦታው ላይ ፕላስቲክ ይግባ፣ አዲሱ ከመቀበሩ በፊት ደግሞ የድሮው የጀሶ ቅሪት ሙሉ በሙሉ ይፈንቀል፣ ጉድጓዱ በበጋ ተከፍቶ ጥቂት ቀን ይድረቅና በሲሚንቶ ይያዝ።

ስራውን ለማሰራት ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ግድግዳው የደረቀበት ወቅት ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ብሬከር አጥፍታችሁ አንድ ሁለቱን ክዳን ክፈቱና ውስጡን በባትሪ እዩ፣ ጠብታ ካለ ከየት እንደገባ ያኔ መንገዱ ገና እርጥብ ስለሆነ ይታያል፣ መስከረም ላይ ሲደርቅ ግን አይታይም።